ያለ ደላላ

ኤፍራታ አከራይና ተከራይን የሚያገናኝ ድረ ገጽ ከፍታ፣ «ቤት የፈለገ ያለ ደላላ ያግኝ» የሚል ትልቅ ማስታወቂያ ታክሲ ተራው ግድግዳ ላይ ለጠፈች። ግድግዳው ሥር ድንጋይ ላይ የሚውለው ደላላ፣ ጋሽ ወርዶፋ፣ ገላመጣት።

«እንጀራዬን ልትዘጊብኝ ነው?»

«የሰው ላብ መብላት ይብቃዎት።»

«እንተያያለን።»

ሳምንታት አለፉ፤ ድረ ገጿ ላይ ዝር ያለ ሰው የለም። ይሄ ሽማግሌ ማስታወቂያዬን ቀዶብኛል ብላ እየተንጨረጨረች ልታንቀው መጣች። ወረቀቱ ግን እንደተለጠፈ ነው፤ እንዲያውም ሁለት ሴቶች ቆመው ያነቡታል። አንብበው ሲጨርሱ ወደ ጋሽ ወርዶፋ ዞሩ።

«ደላላው እርስዎ ነዎት?»

ኤፍራታ ቀና ብላ አየች። በወፍራም እስክሪብቶ አንዲት ቃል ጨምሮበታል፦

«ቤት የፈለገ እዚህ ያለ ደላላ ያግኝ።»