የሰባት ቁጥር አምቡላንስ ሬዲዮ

ይሄ ሰው ከጠዋት ጀምሮ ምን እየደበቃቸው ነው?

እማማ የመጥረጊያውን እጀታ እንደ ምርኩዝ ተደግፈው ጓዳው በር ላይ ቆመዋል። የጠረጉት ነገር የለም። ዓይናቸው የምግብ ጠረጴዛው ላይ ነው። የልጅ ልጃቸው ባል፣ የአምቡላንሶቹ ሬዲዮ ጠጋኝ፣ አንዱን የመገናኛ ሬዲዮ ሦስት ጊዜ ፈታው፤ ሦስት ጊዜ ገጠመው። ወትሮ ሲሠራ ያፏጫል። ዛሬ ትንፍሽ አላለም።

የልጅ ልጃቸው ሊነጋጋ ሲል በሰባት ቁጥር አምቡላንስ ወጥታለች። ሾፌሯ እሷ ናት። ከገደሉ ማዶ፣ ስልክ ከማይሠራበት መንደር፣ ምጥ የጠናባት ሴት ልታመጣ። እዚያ የሚደርሰው የሬዲዮ ድምፅ ብቻ ነው። ባሏ ደግሞ ሬዲዮ ላይ አቀርቅሯል። ታዲያ እሳቸው ምን ያስቡ?

«አንተ ልጅ፣ ሚጡ ምን ሆነች?»

«ምንም አልሆነችም እማማ። ሥራ ላይ ነች።»

«ታዲያ ፊትህ ምነው እንዲህ ዳመነ?»

«የኔን ፊት ይተዉት። ያስቸገረኝ የዚህኛው ነው።»

ቁልፎቹና ስክሪኑ ያሉበትን ጠፍጣፋ ክፍል አነሣና አሳያቸው። ፊት የሚለው እሱን ነው። መኪና ውስጥ ዋናው ሣጥን ከወንበር ሥር ይደበቃል፤ ፊቱ ሾፌሯ እጅ አጠገብ ይገጠማል፤ ሁለቱን የሚያነጋግራቸው አንድ ገመድ ነው። ጠረጴዛው ላይ ያለው ሣጥን የአራት ቁጥር ነው። መኪናዋ ጋራዥ ስለገባች አልተገጠመላትም።

እማማ ጠጋ አሉ። የሚደበቅ ነገር ካለ ከቅርብ ይታያል ብለው ነው።

ባትሪውን ሲያገናኘው ስክሪኑ በራ፣ ቀይ ጽሑፍ አሳየ፣ ጠፋ። ገመዱን ለወጠው። በራ፣ ጠፋ። ፊውዙን አየ። መሰኪያውን በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ፈገፈገው። በራ፣ ጠፋ።

«ገመዱ ደህና ነው፣ ፊውዙም ደህና» አለ፣ ለራሱ ያህል። «ይሄ ፊት ሣጥኑን አላውቅህም እያለው ነው። አሮጌውና አዲሱ ሞዴል ሲያዩአቸው መንታ ናቸው፤ መሰኪያቸው እንኳ አንድ ነው። ግን አይግባቡም። ሰው ቀይሮብኛል።»

«አላልኩህም!» አሉ እማማ፣ ከጠዋት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀለል ብሏቸው። «ያ የግምጃ ቤቱ ሰውዬ ነው። ዓይኑ አያምረኝም። ጤና ይስጥልኝ ሲለኝ እንኳ የሚያየው ቦርሳዬን ነው።»

«እሱ እዚህ ቤት መጥቶ አያውቅም እማማ።»

«መቼም ዕቃው እግር አውጥቶ አይሄድ!»

«የአራትንም የሰባትንም ቅዳሜ አመጣኋቸው። ሞክሬያቸዋለሁ፣ ሁለቱም ይሠሩ ነበር። አቧራቸውን ላራግፍ ፈትቼ እያንዳንዱን ፊት ከራሱ ሣጥን ፊት ለፊት አስቀመጥኩት። ሣጥኑ ላይ ነው ቁጥር የምጽፈው፤ ፊቱ ላይ አልጽፍም። ምልክቱ ቦታው…»

ካቻቢቴው እጁ ላይ ቆመ።

«ዛሬ ጠዋት የሰባቱን ስገጥምላት ቸኩላ ነበር። ስክሪኑ ሲበራ በቃ አልኩ። ማይኩን አልሞከርኩትም።»

«እና ምን ይሁን?»

«የሰባቱ ፊት ይኸው እዚህ ነው። አሮጌው የአራቱ ፊት እሷ ጋ ነው ያለው። አሮጌ ፊት አዲስ ሣጥን ላይ ሲገጠም ይበራል፣ የሌላውንም ድምፅ ያሰማል። ስትናገር ግን ድምፅዋ አይወጣም። የድረሱልኝ ቁልፉን ብትጫነውም ማንም አያውቅላትም።»

ስልኩን አንሥቶ ጥሪ ማዕከሉ ጋ ደወለ። የሚመልስለት ሰውዬ ድምፅ እማማ ጆሮ ድረስ ይሰማል። ከጠዋት ጀምረን እንጠራታለን፣ አትመልስም፤ ገደሉ ከልሏት ነው ብለን ትተነዋል፣ ይላል።

እማማ ያንን ቦርሳ የሚያይ የግምጃ ቤት ሰውዬ ደግመው ሊረግሙ አፋቸውን ከፈቱ። ያኔ ከሬዲዮው ፊት የሚንጠለጠለውን የማይክ ገመድ አዩት። ተጠቅልሎ በሰማያዊ ክር ታስሯል። ሁለት ዙር፣ አንድ ጆሮ። የመድኃኒታቸው ከረጢት በዚህች ቋጠሮ ነው የሚታሰር። ሚጡ ትምህርት ቤት ስትሄድ ፀጉሯን የሚያስሩላት በዚህች ነበር።

ትናንት እንግዳ መጥቶ ጠረጴዛው ተፈለገ። ዕቃውን ሁሉ አንሥተው በጨርቅ ወለወሉ፣ የተንዘረፈፈውን ገመድ አሰሩ፣ እንግዳው ሲሄድ መልሰው ደረደሩ። መልኩን እያዩ። የተጫረውን ፊት ከተጫረው ሣጥን፣ ንጹሑን ከንጹሑ። አምሮላቸው ቆመው አይተውትም ነበር።

ክሩን እሱ ልብ አላለውም። ቢጎትቱት በአንድ ጣት ይፈታል።

እጃቸው ሄደ፤ መልሰው ሰበሰቡት።

«ቋጠሮው የኔ ነው፣ ልጄ» አሉ። ድምፃቸው ለራሳቸውም አልተሰማቸውም። ደገሙት። «ትናንት ላጸዳ ብዬ… እኔ ነኝ።»

ስልኩን አወረደ። ቋጠሮውን አየ፣ ከዚያ እሳቸውን አየ። እማማ እስኪቆጣ ጠበቁ። ቁጣ ቢሆን መልስ አያጡለትም፤ ያለቅሱለታል፣ ይለምኑታል።

ፊቱን ከሣጥኑ ነቀለ። የራሱን መኪና ቁልፍ ከሚስማሩ ላይ አወረደ። ጃኬቱን እንኳ ሳይለብስ ወጣ። በሩ እንደተከፈተ ቀረ። እማማ በበሩ ክፍተት እየሮጠ ሲሄድ ያዩታል። ከብብቱ ሥር የሰማያዊው ክር ጫፍ እየተርገበገበ ነው።