ባዶ ጋቢና

የኮምፕሬሰሩን ቱቦ ፊውዝ ሳጥኑ ውስጥ ከትቼ አየር ስለቅበት ውሃው ፊቴ ላይ ተረጨ። በጠራራ ፀሐይ ደረቅ መስታወት ሲፈትግ የነበረው የዝናብ መጥረጊያ ቆመ። ክላክሱ አንዴ አቃሰተና ዝም አለ፤ የፊት መብራቶቹም ጠፉ። ስንቱን መኪና እንዲህ አድርጌ እንዳዳንኩ እኔና ፈጣሪ ነን የምናውቀው።

«እህቴ፣ ሞተር እኮ ገላዬን ካልታጠብኩ ብሎ አያለቅስም» አልኳት ባለመኪናዋን። «ማነው እንዲህ በውሃ ያራሰብሽ?»

«ራሴ ነኝ። ላቫጆ ወስጄ ቱቦውን ከልጆቹ ተቀበልኩ።» ቀና ብላም አላየችኝ። «ገዢ ሞተሩ ሲያብረቀርቅ ይወዳል ያለኝ ወንድሜ ነው። አንዴ ከጀመርኩ በኋላ ግን ማቆም አቃተኝ። ሁሉም ነገር ታጥቦ እንዲወጣልኝ ፈልጌ ነው መሰለኝ።»

ምን እንዲወጣላት እንደፈለገች አልጠየቅኳትም። ገና ስትገባ ነግራኛለች። እናቷን ለኩላሊት እጥበት ሆስፒታል ያመላለሰችው በዚህ መኪና ነው፤ እናቷ ካረፉ ገና ሁለት ወር አልሞላቸውም። ገዢው ከድልድዩ ማዶ ቆሞ እየጠበቃት ነው። «ዛሬ ካላስረከብኩት ሌላ ቀን አንጀቴ አይጨክንም» ብላኛለች።

«አትጨነቂ፣ አሁን ትሄጃለሽ» ብዬ ኮፈኑን ዘጋሁ። ገብቼ ሞተሩን አስነሳሁት። ድምፁ ጥርት ያለ ነው፤ ደስ አለኝ። ወዲያው ቲን፣ ቲን፣ ቲን ይል ጀመር።

ዳሽቦርዱ ላይ ቀይ መብራት በርቷል። ጋቢና የተቀመጠው ሰው ቀበቶ አላሰረም ማለቱ ነው። ዞር ብዬ ጋቢናውን አየሁት። ማንም የለም።

«ዕቃ አስቀምጠሽበት ነበር?»

«ምንም።» በመስኮቱ ጎንበስ ብላ አዳመጠች። «እንዲህ የሚለው እማዬ እያለች ነበር።»

እናቷ ቀበቶ አይወዱም ነበር አሉ። «ያፍነኛል» ይላሉ። ትራፊክ ሲያዩ ብቻ ጎትተው ደረታቸው ላይ በእጃቸው ይዘው ጨዋ ሆነው ይቀመጣሉ፤ ትራፊኩ ሲታለፍ ይለቁታል። ጩኸቱ ሲያስመርራቸው ወንድሟ ቀበቶውን በጀርባቸው በኩል አዙሮ ቆለፈውና ሁሉም ተገላገሉ። እንደተቆለፈ ከርሞ ትናንት ወንበሩን በደረቅ ጨርቅ ስትወለውል እሷ ፈታችው።

«በቃ፣ ተገኘ» አልኩ። «ወንበሩ ውስጥ ሰው መቀመጡን የሚያውቅ ነገር አለ። እሱን እርጥበት ነክቶት ነው።»

«ወንበሩን እኮ ውሃ አላስነካሁትም።»

«ውሃ የማይገባበት የለም፣ እኔን ጠይቂኝ።»

ተንበርክኬ እጄን ከወንበሩ ሥር ሰደድኩ። ሶኬቱ ደረቅ ነው፤ የዓመታት አቧራ እንኳ አልለቀቀውም። ነቀልኩት። እሱ ከተነቀለ በኋላ መኪናው ሰው ይቀመጥ ድመት ትቀመጥ የሚያውቅበት መንገድ የለም። ቲን፣ ቲን። ባትሪውን ፈታሁ፣ ትንሽ ቆይቼ መልሼ አሰርኩና ሞተሩን አስነሳሁ። መጥረጊያው ዝም ብሏል፣ ክላክሱም ዝም ብሏል። ቲን፣ ቲን። ጎንበስ ብዬ ሶኬቱን እንደገና አየሁት። እንደተነቀለ ተንጠልጥሏል። በዚህ ሥራ ሸብቻለሁ፣ የሽቦ ተንኮል አይጠፋኝም፤ ያን ጊዜ ግን ፈራሁ።

«ምን ሆነ?» አለችኝ።

«ምንም አይደል። ሽቦው ውስጥ የቀረ ውሃ ነው፣ ፀሐይ ላይ ሲውል ይደርቃል» ብዬ ዋሸኋት። «ለአሁኑ ቀበቶውን ቆልፈሽ ውሰጂለት። አይጮህም።»

ዞራ መጥታ የጋቢናውን በር ከፈተች። ባዶ ወንበር ላይ የሚታሰር ቀበቶ ብዙም አይሳብም፤ እሷ ግን ሳበች፣ ደግማ ሳበች፣ ክንዷን ዘርግታ አዙራ ቆለፈችው። ድምፁ ቆመ። ቀበቶው ወንበሩ ላይ ይተኛል ብዬ ስጠብቅ አልተኛም። ከመደገፊያው ርቆ እንደተወጠረ ቀረ።

አይቼም እንዳላየሁ ሆኜ መፍቻዎቼን መልቀም ጀመርኩ። ከኋላዬ ዝግ ያለ ድምጿን ሰማሁት።

«ጠበቀሽ እንዴ?»

እኔን እንዳልሆነ ግልጽ ነው። ዘወር ስል ሁለት ጣቶቿን ቀበቶው ሥር አስገብታ ደረት በሚሆንበት ቦታ ላይ ቀስ አድርጋ ታላላዋለች። ዓይኗ እንባ አቅርሯል፤ ፊቷ ላይ ግን ስትመጣ ያልነበረ እርጋታ አየሁ። ስልኳ ጠራ። ማን እንደሆነ አየችና ሳታነሳው ኪሷ ከተተችው። የጋቢናውን በር የዘጋችው የተኛ ሰው ላለመቀስቀስ በሚዘጋበት አኳኋን ነው።

ከጋራዡ ወደ ድልድዩ የሚኬደው በግራ ነው። እሷ በቀኝ ወጣች፣ ወደ መጣችበት። ጋቢናው በእኔ በኩል ሆነ፤ መስኮቱ ክፍት ነበር። ከየት መጣ ሳይባል አንድ ሞተር ሳይክል ፊቷ ተደነቀረ። ፍሬን ስትይዝ ቀኝ እጇ ሳታስበው ወደ ጋቢናው ተወረወረ። አጠገቡ ሰው ያስቀመጠ ሹፌር ሁሉ እንዲህ ያደርጋል።

እጇ መደገፊያው ጋ አልደረሰም። ከቀበቶው ላይ፣ መዳፏ እንደተዘረጋ፣ አየር ላይ አረፈ። ሞተር ሳይክሉ አለፈ፤ መንገዱ ተከፈተ። እጇን ወዲያው አላነሳችውም።