አምስቱን በቃል

«ድገሚው» እላታለሁ።

ሀጀር ቦርሳዋን አቅፋ ትወዛወዛለች። «ማነር፣ ፕሌስ፣ ታይም፣ ፍሪኩዌንሲ፣ ዲግሪ።»

የእንግሊዝኛ አድቨርብ ዓይነቶች ናቸው። ታክሲው ከየካ አባዶ ከተነሳ አንዴም አልሳተችም። እኔ እንግሊዝኛ አላውቅም፤ ዜማው ሲሰበር ግን ጆሮዬ ያውቃል። ወሎ ልጅ ሳለሁ ቁርአን የቀራሁት እንዲሁ ነው፤ በቃል፣ እየተወዛወዝኩ። ትርጉሙ ኋላ ይመጣል ይሉን ነበር።

ቦሌ ያለ ትምህርት ቤት ሊቀበላት ዛሬ ይፈትናታል። አምና ወድቃለች። ዘንድሮም ከወደቀች ሌላ ጊዜ አይፈትኗትም።

ከፊታችን የተቀመጠው ክራባት ያሰረ ሰው ዞር ይላል። «ጎበዝ! እስቲ ‹ልጁ ቀስ ብሎ ሄደ› ብልሽ፣ ‹ቀስ ብሎ› የትኛው ነው?»

ሀጀር እኔን ታየኛለች።

«ንገሪው እንጂ!»

«ማነር፣ ፕሌስ፣ ታይም…»

«አይ፣ አንዱን ብቻ።»

«…ፍሪኩዌንሲ፣ ዲግሪ።» ድምጿ ሳስቶ ያልቃል።

«ወንድሜ፣ ልጄን አታደናብርብኝ» እላለሁ። «አምስት ነው፤ አምስቱንም ብላሃለች። ስድስተኛ ከየት ታምጣልህ?»

ታክሲው በሙሉ ይስቃል። እሱ አይስቅም። «ፈተናዋ መቼ ነው?»

«አሁን። እየሄድን ነው።»

«እናቴ» ይለኛል ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ስማቸውን አይደለም እኮ የሚጠይቋት። የቱ የቱ እንደሆነ ለይታ እንድታወጣ ነው።»

ወደ ልጄ እዞራለሁ። «ሀጀር፣ ይሄን አታውቂም?»

«በቃልሽ ያዢ አልሽኝ እኮ፣ እማ።»

የሰውዬውን እጅጌ ጨምድጄ ይዣለሁ። «እንግዲያው አስረዳት! አሁኑኑ!»

«እሺ፣ እሺ። እንዴት ሄደ? ቀስ ብሎ። ይሄ ማነር ነው። የት ሄደ ሲሆን ፕሌስ። መቼ ሄደ ሲሆን…»

«ታይም!» ትላለች ሀጀር። መወዛወዟን አቁማለች። እንዲህ ያለ ዓይን ኖሯት አያውቅም።

«መገናኛ፣ መጨረሻ!» ረዳቱ በሩን ይከፍተዋል።

ሰው ይግተለተላል። እጅጌውን አልለቅም፤ አብሬው እወርዳለሁ። «ሁለቱስ? ሁለቱ ቀሩ እኮ!»

«እናቴ፣ ሥራ ረፍዶብኛል። ይልቀቁኝ። አይዞዎት፣ ጎበዝ ናት።»

እጅጌው ከጣቶቼ ያመልጣል። ሰዉ ይውጠዋል።

ወደ ቦሌ የሚሄደው ታክሲ ሰልፍ ረጅም ነው። ሀጀር ቀሚሴን ትጎትታለች። «ፍሪኩዌንሲስ፣ እማ? እሱ ምን ሲሆን ነው?»

«ድገሚው» እላታለሁ።

አትደግመውም። ቀጥ ብላ ቆማ አፌን ታያለች።