የአባ አይዝጌ ትሪ

ሕጉ ከወጣ ወዲህ ከምድር የወጣ ብረት ሁሉ ወደ ወጣበት ጉድጓድ ይመለሳል። መንደሩ በሸክላ ይቀቅላል፣ በቀንድ ማንኪያ ይበላል። በወይዘሮ አስካለ ቤት የቀረችው አንዲት አይዝጌ ትሪ ብቻ ነበረች።

አባታቸው፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ዛሬ ሰው በማይሠራበት የክሮም ጉድጓድ ሃያ ዓመት ቆፍረዋል። እንደ ነብር ቆዳ የተዥጎረጎረውን ድንጋይ ሲፈልጡ ውለው ራት ሲቀርብ ትሪዋን በጣታቸው ኳ ያደርጉና፣ «ብረት የማይዝገው በኛ ክሮም ነው፤ እዚህ ውስጥ እኔ አለሁ» ይሉ ነበር። ትሪዋ ግን ከባሕር ማዶ የመጣች ናት። ሰዉ ስቆ «አባ አይዝጌ» አላቸው።

ዛሬ ጠዋት ወይዘሮ አስካለ በምትኳ የገዙትን የሸክላ ሳህን በጣታቸው መቱት። ድምፁ ድፍን ነው፤ እንደ ትሪዋ ኳ አይልም። ትሪዋን አሽተው አጠቡና ጉድጓዱ አፍ ላይ ለተቀመጠችው የተመላሽ ብረት መዝጋቢ ወሰዱላት። መዝጋቢዋ ብረት ከየት ምድር እንደወጣ በሚለየው መሣሪያ ላይ አስቀመጠቻት፤ ከዚያ ቀና ብላ አየቻቸው።

«እማማ፣ ክሮሙ የዚሁ ተራራ ነው።»

«አባቴ ነግሮኛል» አሉ፣ ነጠላቸውን እያስተካከሉ።

«ማን መለሰ ብዬ ልመዝግብ?»

«መለሰ አትበይ፣ ልጄ። አባ አይዝጌ ሥራ ገባ ብለሽ ጻፊ።»