የአደራው ውሻ

«ከዚህ ውሻ ጋር ሌሎችም አስረሻል እንዴ?» አለ የበረዶ ጋሪ ነጂው ካሊ፣ የውሻ መጎተቻ ጠፍሩን ትከሻው ላይ እንዳንጠለጠለ።

ኢቫሉ አቆስጣ የሚባለውን የባሕር እንስሳ ሥጋ የያዘውን ባልዲ አስቀምጣ ቀና አለች። «ከየት አምጥቼ? የሰው አደራ አንዱም በዝቶብኛል።»

«ታዲያ ይሄ ምንድነው?»

ውሻው በሰንሰለት እንደታሰረ ጀርባውን ለቤቱ፣ ፊቱን በረዶ ለጋገረው ባሕር ሰጥቶ ተኝቷል። በግራና በቀኙ፣ ሰንሰለቱ እስከማይደርስበት ድረስ፣ ክብ ክብ ጉድጓዶች በረዶው ላይ ተደርድረዋል። ውሻ ተጠቅልሎ ሲያድር በገላው ሙቀት የሚያቀልጠው ዓይነት ነው። ኢቫሉ ትናንትም አይታቸዋለች።

«ነፋስ ነው» አለች።

ካሊ አላመናትም፤ ግን አልተከራከራትም።

ውሻው የአንጉ ነበር። አንጉ ፀሐይ የማትወጣበት ጨለማው ወር ሊገባ ሲል ለአደን ወጥቶ፣ በረዶው ተሰንጥቆ፣ ከውሾቹና ከሚጎትቱት የበረዶ ጋሪ ጋር እዚያው ቀረ። ሬሳውም አልተገኘም። ዓሣ አጥማጆች ይሄን መሪ ውሻ ብቻ ከተንሳፋፊ በረዶ ላይ አውርደው በጀልባ አመጡት፤ የሚወስደው እስኪገኝ ብላ ኢቫሉ ተቀበለች። ሰው የጣለው ውሻ ሁሉ እሷ ደጅ ነው የሚያገግመው። ይሄኛው ግን እምቢ አለ። ከሚሰጠው ሥጋ ለነፍሱ ያህል ይቀምስና የቀረውን በአፉ እየያዘ ወዲያና ወዲህ ያስቀምጣል፤ ሲነጋ ሥጋው የለም። ቁራ ነው ትላለች። ጠፍር ያሳየውን ሰው ሁሉ ነክሷል። የውሻ ተቆጣጣሪው ዛሬ ጠመንጃውን ይዞ ይመጣል፤ ካሊ ካልወሰደው በቃ፣ አለቀለት።

ግሪንላንድ ውስጥ ካሊን የሚያስቸግር ውሻ አልተወለደም ይባልለት ነበር። ጠፍሩን ከትከሻው አውርዶ ሁለት እርምጃ እንደተጠጋ ውሻው ሳይነሳ ጥርሱን ገለጠ። ካሊ ቆመ።

«ሰው ቢያይህ ምን ይልሃል» አለችው ኢቫሉ።

«ይሄ እኮ የንዴት አይደለም። ሥራ ላይ ነኝ፣ አትረብሸኝ ነው የሚለኝ።»

እማማ ቤቢያነ፣ የአንጉ እናት፣ የኢቫሉን የልጅ ልጅ ለማዘያ ተብሎ በተሰፋው የካፖርታቸው ሰፊ ቆብ ውስጥ አዝለው ከቤት ወጡ። ሕፃኑ ባለፈው እሑድ ሲጠመቅ የአንጉን ስም ወስዷል። ከዚያ ወዲህ ቤቢያነ «ልጄ» የሚሉት እሱን ነው፤ በአገሩ እምነት ሟች ስሙን በወሰደው ሕፃን ይመለሳልና፣ አንጉ ተመልሷል፣ ሐዘኑም አብቅቷል። ኢቫሉ ራሷ በሞተች ሴት ስም ተጠርታ፣ የሴትዮዋ ሽማግሌ ወንድም «እህቴ» እያላት ነው ያደገችው።

«ውሻው እኮ አልሰማም» አሉ እማማ። «አንቺ ሥጋ ታቀርቢለታለሽ፣ አንተ ጠፍር ታሳየዋለህ። ጌታው መመለሱን ማን ነገረው?»

«እማማ፣ ይነክሳል» አለ ካሊ።

«የገዛ ጌታውን? ድንቄም ውሻ አዋቂ።»

ኢቫሉ ልትከለክል እጇን አንስታ ነበር፤ ጠመንጃው ትዝ አላትና መለሰችው። እማማ ሕፃኑን አቅፈው ውሻው ፊት ተንበረከኩ። «ይኸው። መጥቷል። ከእንግዲህ አትጠብቅ።»

ውሻው ተነሳ። የሕፃኑን ፊት፣ ጆሮውን፣ አንገቱን አሸተተ፤ ብዙ ቆየ። ከዚያ የሌላ ውሻ ቡችላ እንደሚላስ ግንባሩን አንዴ ላስ አደረገና ዞሮ፣ ፊቱን ወደ ባሕሩ መልሶ ተኛ።

የእማማ እጅ ከሕፃኑ ጉንጭ ላይ ወረደ።

«አላወቀውም» አሉ።

«ውሻ ነው እኮ፣ ስለ ጥምቀት ምን ያውቃል» አለ ካሊ፣ ሊያጽናናቸው።

«ጌታውን ያውቃል።» ፊታቸው አመድ መሰለ። «አልሞተም ማለት ነው። ሳይሞት ስሙን ወስደን ለሰው ሰጠንበት። ያለ ስሙ በምን ይምጣ? ማን ብዬ ልጥራው?»

«እማማ፣ በዚህ ብርድ፣ ይሄን ሁሉ ጊዜ...»

«አንተ ዝም በል።» ሕፃኑን ለኢቫሉ አቀበሏት። የሚሰጧት የሷን የልጅ ልጅ ነበር፤ ልጃቸውን አልነበረም። ወደ ባሕሩ ጠርዝ ወርደው፣ ጎረቤት እንደሚጠራ በቀስታ «አንጉ» አሉ። «አንጉዬ፣ ና ግባ።»

የመንደሩ ውሾች ጩኸት ባንዴ ጸጥ አለ።

የአደራው ውሻ ተነስቶ ወደ ካሊ መጣ። ራሱን በጠፍሩ ውስጥ አስገባ፤ እግሩንም በየተራ እያነሳ ሰጠው። ካሊ አጠለቀለትና ሰንሰለቱን ፈታለት። ኢቫሉ ጎንበስ ብላ መዳፏን ከቅርቡ ጉድጓድ ውስጥ አስገባች። ለብ ይላል።

ካሊ ውሻውን ደጅ ወዳቆመው ጋሪ ወሰደው። አዲስ ውሻ ሲመጣ ጋሪውን የሚጎትቱት የካሊ ውሾች ሳይደባደቡ አያልፉም። ዛሬ ግን ድምፅ ሳያሰሙ ገለል አሉለት፤ በግራና በቀኙም ብዙ ቦታ ለቀቁ፣ ሌሎች እንደሚመጡ ሁሉ።

«አንጉን ፍለጋ ወዴት ነው የምነዳው?» አለ ካሊ ጋሪው ላይ ሆኖ።

«አንተ ምን ቸገረህ፣ ውሻው ይንዳህ» አለች ኢቫሉ።

ገመዶቹ ተወጥረው ጋሪው በረዶው ላይ ወጣ። እማማ ባሕሩ ዳር ቆመው ይጠራሉ። ሕፃኑ ማልቀስ ጀመረ፤ ኢቫሉ ደረቷ ላይ አጥብቃ አቅፋ ታወዛውዘው ያዘች፤ በስሙ ጠርታ ልታባብለው አፏን ከፈተች፤ የምትጠራው ስም አልነበራትም።