ቀይ ጨርቅ የተሰቀለበት ጣሪያ

«ዛሬ ካልሠራችሁልኝ ምሰሶውን ነቅዬ ማገዶ ነው የማደርገው!»

ሳይረን ነው… የፑል ቤቱ ባለቤት።

ስሙን ያወጣለት ሰፈሩ ነው። እሱ ሲያወራ የመስኮት መስታወት ይንቀጠቀጣል።

«ጎረቤት ጎል ብሎ ሲጮህ እኛ ጋ ኳሷ ገና መሀል ሜዳ ናት! ደንበኛ እየሸሸኝ ነው!»

ነገሩ እንዲህ ነው…

ሰፈሩ ጉድጓድ ውስጥ የገባ ነው። የስልክ ኔትወርክ አይደርስበትም። ለመደወል ዳገት መውጣት ግድ ነበር።

ነዋሪው መከራውን አይቶ መዋጮ አዋጣና የራሱን ኔትወርክ ዘረጋ። ከጣሪያ ጣሪያ በእንጨት ምሰሶ ላይ አንቴና ተተከለ። ሰው ቤቱ ቁጭ ብሎ በዋይፋይ መደወል ጀመረ።

ባለሙያ ግን አልቀጠሩም። በምን አቅም?

ጥገናው በሙሉ ሁለት ሰው ጫንቃ ላይ ወደቀ… ያውም በነጻ።

አንዱ ድመቱ የሚሉት ልጅ ነው። ጣሪያ ለጣሪያ ሲሄድ ኮሽታ የለውም። ለሰፈሩ አዲስ ተከራይ ነው፤ ጋራዥ ይሠራል።

ሌላው የኔትወርኩ ኮሚቴ ሊቀመንበር። ማተሚያ ቤት ይሠራል። ጥብቅ ሰው ነው። ጥገና በሄደበት ቤት ሻይ እንኳ አይቀምስም… «ነገ ይቆጠርብኛል» ይላል።

ድሮ መስመር የተቋረጠበት ሰው ጣሪያው ላይ ቀይ ጨርቅ ይሰቅል ነበር። ጠጋኝ ከሩቅ አይቶ ይመጣል።

በኋላ ግን ፊልም የተንቀራፈፈበት ሁሉ ቀሚስ ሳይቀር መስቀል ጀመረ። ሰፈሩ የልብስ ገበያ መሰለ!

ሊቀመንበሩ ተበሳጭቶ አዲስ ደንብ አወጣ።

«ከዛሬ ጀምሮ በሰፈሩ የቴሌግራም ግሩፕ ያልተጻፈ ቅሬታ አይታይም። ጨርቅ ተሽሯል!»

ሁሉም አጨበጨበ።

እና ሳይረን ያን ቀን ሲጮህ… የቀረው ትርፍ አንቴና አንድ ብቻ ነበር። ሌላ መግዣ የለም።

ሊቀመንበሩ ስልኩን ከፍቶ ግሩፑን አየ። ሳይረንና ደንበኞቹ አጨናንቀውታል። ስድብ፣ ልቅሶ፣ ዛቻ…

ከሰፈሩ ታችኛው ጫፍ ግን አንድም መልእክት የለም።

«ታች ሰላም ነው» አለ። «አንቴናው ለፑል ቤቱ።»

ላላለቀሰ ልጅ ጡት አይሰጥም አይደል የሚባለው?

ሁለቱም ፑል ቤቱ ጣሪያ ላይ ወጡ። ድመቱ ብሎን በጥርሱ እንደያዘ ወደ ታች አየ።

«ሊቄ… እዚያ መጨረሻው ቤት ላይ ያለው ቀይ ነገር ምንድን ነው?»

ሊቀመንበሩ ዞሮ አየ።

«የሽማግሌው አናጢ ቤት ነው።»

«ልባቸውን የሚያማቸው? ምሰሶዎቹን በነጻ የጠረቡልን?»

«አዎ።»

«እንሂዳ ታዲያ! ይሄን ለሳቸው እንትከለው!»

«በግሩፕ አልጻፉም።»

«ሰውየው ጨርቅ ሰቅለዋል እኮ!»

«ጨርቅ ተሽሯል አልኩህ! ደንቡን ለአንድ ሰው ብዬ ባጥፈው ነገ ሰው ምን ይለኛል? እዚህ ስንጨርስ እንሄዳለን።»

ሳይረን ከታች ጮኸ… «እናንተ! ወሬ ነው ሥራ?»

ሊቀመንበሩ ለታችኛው ጫፍ ጀርባውን ሰጥቶ ብሎን ማጥበቅ ጀመረ።

ሥራው ግን ቶሎ አላለቀም። ገመዱ አጠረ፣ ተቀጠለ። ሳይረን «ካልሞከርኩት አትወርዱም» አለ። መሸ።

በማግስቱ ወደ አናጢው ቤት ወረዱ።

ጨርቁ አሁንም ይውለበለባል። ጎረቤትየዋ የአናጢውን በር ትደበድባለች።

«መጣችሁ? ከእህቴ ቤት አሁን መመለሴ ነው። ባንኳኳ ባንኳኳ አይከፍቱም! ወይኔ አባባ!»

«እትዬ፣ ቅሬታ አልደረሰንም እኮ…» አለ ድመቱ።

«በምን ይድረሳችሁ? የተቋረጠው እኮ መስመሩ ነው! መቋረጡን በተቋረጠ መስመር ይጻፉላችሁ?»

ድመቱ ቀና ብሎ ጣሪያው ላይ ያለውን ጨርቅ አየ።

ያ ሁሉ ሰው ለደንቡ ሲያጨበጭብ ይህችን ያሰበ አንድ ሰው አልነበረም። በግሩፕ መጮህ የሚችለው መስመር ያለው ነው። ጨርሶ የተቆረጠበት… ዝም ነው የሚለው።

ድመቱ በሩን በትከሻው ሊገነጥል ተንደረደረ።

ሊቀመንበሩ ያዘው።

ከኪሱ ቁልፍ አወጣ… አስገባ… በሩ ተከፈተ።

«የሳቸውን ቁልፍ አንተ ከየት አመጣኸው?»

«አባቴ ናቸው።»

ሽማግሌው መስኮቱ ስር ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ስልኩ መዳፋቸው ውስጥ ነው። የጤና ጣቢያዋ ነርስ ጋ ሊደውሉ ሲሞክሩ ይሆናል… ልጃቸውን ይሆናል… ማን ያውቃል።

ሰውነታቸው ቀዝቅዟል።

ከደጅ ግድግዳው ላይ መሰላል ተደግፏል። በዚያ በታመመ ልባቸው ወጥተው ነው ጨርቁን የሰቀሉት።

መስኮቱ ደግሞ ወደ ፑል ቤቱ ጣሪያ ነው የሚያየው።

ድመቱ አለቀሰ። «አባቴ ናቸው ብትለኝ እኮ… ተሸክሜህ እመጣ ነበር።»

«እሱን ነው የፈራሁት» አለ ሊቀመንበሩ። «ለአባቱ አደላ እንዳልባል።»

ይህን እያለ ከላይ ከፑል ቤቱ ጩኸት መጣ…

«ጎ…ል!»

ኳሷ አሁን አልዘገየችም።

ወዳጆቼ… የጮኸ ሁሉ የባሰበት አይደለም። ዝም ያለም ሁሉ ደህና አይደለም። አቅም ሲያንስና እጅ ሲያጥር መጀመሪያ ሄዶ ማየት ድምፁ የጠፋውን ነው። ለዘመዴ አደላሁ እንዳይባል ብሎ ዘመድን መበደልም… አድልዎ ነው።

እናንተ በሊቀመንበሩ ቦታ ብትሆኑ፣ ያቺን አንድ አንቴና ለማን ትሰጡ ነበር? ሽማግሌው አባታችሁ ባይሆኑስ… መልሳችሁ ያው ነው?

ሳትዋሹ ጻፉልኝ።