የመቋሚያው ጫፍ

አባ መቋሚያቸውን በዋሻው ቤተ ክርስቲያን ጨለማ ውስጥ ሲዘረጉላት፣ የሚያሳልሟት መስሏት ማሬ ጎንበስ ብላ ጫፉን ሳመችው።

«ያዢው እንጂ ልጄ፤ ልምራሽ ብዬ ነው» አሏት።

ከደብረ ማርቆስ አብረዋት የመጡት ሁለቱ ጓደኞቿ ከኋላዋ ሳቁ። «አንቺ፣ ዘንግም ትሳለሚያለሽ እንዴ?» አለቻት ሂዊ።

ማሬ ከመኪና ከወረዱ ጀምሮ «እኔ ውጭ ልጠብቃችሁ» ማለት ፈልጋ፣ ፈሪ እንዳይሏት አፍራ ዝም ብላ ነበር። አሁን መተላለፊያው ጠቦ ትከሻዋን ከግራም ከቀኝም ነካት፤ ጫማዋን ደጅ ስላወለቀች የእርጥቡ ድንጋይ ቅዝቃዜ እስከ ጉልበቷ ወጣ። መቋሚያውን በሁለት እጇ ጨበጠችው። ሲንቀጠቀጥ ተሰማት፤ የራሷ እጅ መሰላት።

«አባ» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ፤ «እርስዎ ብቻዎን ሲገቡ አይፈሩም?»

ወደፊት ይስባት የነበረው መቋሚያ ቆመ።

«ብቻዬንማ መች እገባለሁ» አሉ፣ እሳቸውም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ሰው እስኪመጣ ደጅ ቁጭ እላለሁ እንጂ።»

ማሬ አፍና የያዘችው ትንፋሽ ከሳቅ ጋር ወጣላት። ሂዊ «ምን አሉሽ?» ብትላትም አልነገረቻትም። ሲመለሱ እሷ ፊት ሆነች፤ አባ የመቋሚያውን ጫፍ ይዘው ተከተሏት።